ሁለት ምስክር ስንት ነው?

መቼም «ሁለት ሰው ነግሮኛል» ካልን በኋላ ለመፍረድ አንዘገይም። እኔ ግን ይህን አባባል ስሰማ ትዝ የሚለኝ ሸንጎ ሳይሆን የሙዚቃ ሸክላ ነው።

አለን ብሉምላይን የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ሲኒማ ቤት ተቀምጦ ሳለ፣ ተዋናዩ ከሸራው ጫፍ እስከ ጫፍ ሲሄድ ድምፁ ግን ከአንድ ቦታ መምጣቱ ከነከነው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1931 መጨረሻ ዛሬ ስቴሪዮ የምንለውን ሥርዓት የፈጠራ መብት እንዲመዘገብለት አመለከተ።

ሐሳቡ ከራሳችን ጆሮ የተወሰደ ነው። ከቀኝ በኩል የሚጠራንን ሰው ቀኝ ጆሯችን ቀድሞ፣ ጎላ አድርጎም ይሰማዋል። ግራው የሚዘገየው ከሰከንድ አንድ ሺኛ በታች ነው። ጠሪው በየት በኩል እንደቆመ የምናውቀው በዚህች ልዩነት ነው። ሁለቱ ጆሮዎቻችን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቢሰሙ ኖሮ ቀኝና ግራ በጠፋን ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1958 የስቴሪዮ ሸክላ በሰፊው ለገበያ ቀረበ። ታዲያ የኩባንያዎቹ መጋዘን በአንድ ቻናል፣ ማለትም በሞኖ፣ በተቀዳ ሙዚቃ ተሞልቷል፤ ገዢው ደግሞ ስቴሪዮ ይላል። ካፒቶል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1961 መላ አገኘ። ያንኑ አንድ ቅጂ ለሁለት አባዛ፤ በአንደኛው ወፍራሙን፣ በሌላኛው ቀጭኑን ድምፅ አጎላ፤ አንዱንም ከሌላው በጥቂቱ አዘገየ። ስሙንም «ዱዎፎኒክ» አለው። ሁለት ስፒከር ይናገራል፤ የሰማው ግን አንድ ነው።

የቢች ቦይሱ ብሪያን ዊልሰን በቀኝ ጆሮው እምብዛም አይሰማም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 «ፔት ሳውንድስ» የተባለውን አልበም ያዘጋጀው በሞኖ ነው። ኩባንያው ግን በዱዎፎኒክም ሸጠው። እውነተኛው ስቴሪዮ የወጣው በ1997 ነው፤ ለዚያውም ባለሙያዎች ወደ መጀመሪያዎቹ ቴፖች ተመልሰው፣ ድምፆቹን ከየተቀዱበት ለቅመው።

እንግዲህ ወደ እኛ እንምጣ። ጠዋት አንዱ ስለ ጎረቤታችን ክፉ ወሬ ይነግረናል፤ ማታ ሌላው ይደግምልናል። በቃ፣ ሁለት ምስክር ተገኘ! ሁለተኛው ከማን ሰማ ብለን አንጠይቅም። ከመጀመሪያው ሰምቶ ከሆነ፣ ያገኘነው ያንኑ አንድ ወሬ ነው፤ አንዱ በቀጭን፣ ሌላው በወፍራም ድምፅ አወራው እንጂ። በዚህ ሰው ከሥራው ይባረራል፤ ትዳር ይፈርሳል።

በአንጻሩ፣ አንዱን ጠብ ከሁለት ወገን ቆመው ያዩ ሰዎች ቃላቸው ትንሽ ሲለያይ «ተምታታባቸው» ብለን ሁለቱንም እንጥላለን። እርግጥ ልዩነት ሁሉ እውነት አይደለም፤ የሚዋሽም አለ። ነገር ግን ቃል በቃል የተስማማ ምስክርነት ከተለያየው ይልቅ ሊያጠራጥረን በተገባ ነበር።

አንድ ምስክር ብቻ ሲኖረንስ? ነውር የለውም። ዊልሰን በአንድ ጆሮ ሰምቶ ድንቅ ሥራ ሠርቷል። ነውሩ አንዱን ሁለት ነው ብሎ መሸጥ፣ ይባስ ብሎም በዚያ ሰው ላይ መፍረድ ነው።