ሳይጠየቅ የተፈረደበት

ስታክ ኦቨርፍሎውን በመሳሰሉ የፕሮግራመሮች መድረኮችም ሆነ በዊኪፒዲያ ላይ ተጠቃሚና አወያይ ሲጣሉ፣ ክርክሩ ዞሮ ዞሮ «ልክ የነበረው ማን ነው?» ወደሚለው ይወርዳል። አንዱ ጥያቄዬ ያለ አግባብ ተዘጋ፣ ጽሑፌ ተሰረዘ፣ ታገድኩ ይላል፤ ሌላው የደንቡን አንቀጽ ጠቅሶ ይመልሳል። ብዙ ጊዜ ልክ ሆኖ የሚገኘው አወያዩ ይመስለኛል። ደንቡን ያውቃል፤ ያው ጥያቄ ከዚህ በፊት ቀርቦ መመለሱን አይቷል፤ በፈቃደኝነት የሚያገለግል ስለሆነም ከውሳኔው የሚያገኘው ሳንቲም የለም። ሆኖም ልክ መሆኑ ጠቡን አያበርደውም። የታገደው ሰው ቂም ቋጥሮ ይወጣል፤ ዳር ሆኖ የተመለከተውም ወገን ይለያል። ሰው ጥፋቱን መቀበል ስለሚከብደው ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። እኔ ግን ከቅሬታው ሥር እውነት አለ ባይ ነኝ። ሰውን ሳይጠይቁ መፍረድ፣ ፍርዱ ትክክል ሆኖ ቢገኝ እንኳ፣ ራሱን የቻለ በደል ነው።

ይህ ሐሳብ ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1718 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በዘመኑ በግሪክና በላቲን ሊቅነቱ የታወቀውን ሪቻርድ ቤንትሌይን ማዕረጎቹን ገፈፈው። የነገሩ መነሻ የዶክትሬት ማዕረግ ከተቀበለ ሰው ላይ ያስከፈለው አራት ጊኒ የተባለ የወርቅ ገንዘብ ነበር። ሰውየው በዩኒቨርሲቲው ችሎት ከሰሰው፤ ቤንትሌይ ችሎቱን አቃለለ፤ ዩኒቨርሲቲውም ቀርቦ እንዲከራከር ሳይጠራው ማዕረጉን ነጠቀው። ቤንትሌይ አስቸጋሪ ሰው ነበር፤ ችሎት መዳፈሩም ሐሰት አልነበረም። ቢሆንም በ1723 ጉዳዩን ያየው የእንግሊዝ የንጉሡ ፍርድ ቤት ማዕረጎቹ እንዲመለሱለት ወሰነ። ከዳኞቹ አንዱ ፎርቴስኪው ለዚህ ያቀረበው ምክንያት ከኤደን ገነት የተወሰደ ነበር፦ እግዚአብሔር ራሱ አዳምን መከላከያውን እንዲያቀርብ ሳይጠራው አልፈረደበትም።

ምክንያቱ ቆም ብለው ሲያስቡበት እጅግ ጥልቅ ነው። ሁሉን የሚያውቅ አምላክ አዳም የት እንደተደበቀና ምን እንደበላ ከአዳም አፍ መስማት አያስፈልገውም ነበር። እንግዲያው ጥያቄው መረጃ ለመሰብሰብ አልነበረም። አዳም መልስ ሰጠ፤ ጥፋቱን ወደ ሴቲቱ አሻገረ፤ ፍርዱም አልተለወጠም። ስለዚህ የጥያቄው ዋጋ ውጤቱን በመቀየሩም አይለካም። የቀረው አንድ ነገር ነው፤ መጠየቅ ተጠያቂውን መልስ መስጠት የሚችል፣ ስለ ሥራው ቆሞ የሚናገር ፍጡር አድርጎ መቁጠር ነው። ይህን ክብር የነፈገ ፍርድ ጥፋትን ቢያስወግድም ሰውየውን ከጥፋቱ ጋር አብሮ እንደ ዕቃ ያነሣዋል። «ማስረጃው በመዝገቡ ላይ ቁልጭ ብሎ እየታየ ምን ብዬ ልጠይቀው?» የሚለው የአወያዮች መከራከሪያ ውኃ የማያነሣው ለዚህ ነው። ከመዝገብ በላይ የሚያውቀውም ጠይቋል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የብዛት ነው። በየቀኑ የሚጎርፈውን ማስታወቂያ፣ ስድብና የተደጋገመ ጥያቄ ጥቂት በጎ ፈቃደኞች ከሥራ ሰዓታቸው በተረፈ ጊዜ ያጸዱታል። እያንዳንዱን ሰው ችሎት አቁሙ ማለት ሥራውን ተዉት ማለት ነው። ይህ እውነተኛ ችግር ነው፤ ነገር ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያደባልቃል። ጽሑፍን ማንሳት አንድ ነው፤ በሰው ላይ መፍረድ ሌላ። የተሳሳተ ወይም ጎጂ ጽሑፍ ወዲያው ይነሣ፤ በዚህ የሚከፋው ሰው ቢኖርም መከፋቱ ያልፋል። ማስታወቂያ ለመርጨት ብቻ የተከፈተ አካውንትም ጥያቄ አያስፈልገውም። በዚያው በኦሪቱ ታሪክ ውስጥ አዳምና ሔዋን ሲጠየቁ እባቡ ሳይጠየቅ መረገሙን ልብ ይሏል። መጠየቅ ግዴታ የሚሆነው የማኅበሩ አባል የሆነን ሰው ስሙን፣ ድምፁን ወይም ቦታውን በምንነጥቅበት ጊዜ ነው፤ ይህ ደግሞ ከጠቅላላው ሥራ ትንሹ ክፍል ነው።

መጠየቅ የግድ ጊዜ ይፈጃል የሚለውም አያስኬድም። በስፔን ቫሌንሲያ የመስኖ ውኃ የሚጋሩ ገበሬዎች ለዘመናት ያቆዩት የውኃ ፍርድ ቤት አለ። ሐሙስ ቀትር ላይ በካቴድራሉ በሐዋርያት በር አጠገብ ይሰየማል፤ ዳኞቹ በገበሬዎቹ የተመረጡ ገበሬዎች ናቸው። ክርክሩ በቃል ብቻ ነው፤ ሰብሳቢው ተናጋሪውን በእግሩ እያመለከተ ተራ ይሰጣል፤ ከሳሽ ይናገራል፣ ተከሳሽ ይመልሳል፣ ፍርዱ እዚያው ይሰማል። በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘችው ኤሊኖር ኦስትሮም በ1990 ባሳተመችው መጽሐፍ የቫሌንሲያን መስኖ፣ የስዊዘርላንድን የተራራ ግጦሽና የጃፓንን የመንደር ደን አንድ ላይ መርምራለች። ለረጅም ዘመን በቆዩት የጋራ ሀብቶች ዘንድ ካገኘቻቸው ነገሮች መካከል ከትንሽ ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ የሚያድግ ቅጣት፣ ርካሽና ቅርብ የሆነ የመካሰሻ ቦታ፣ እንዲሁም ደንቡ የሚነካቸው ሰዎች ደንቡን በማሻሻል መሳተፋቸው ይገኙበታል። በጋራ የተከማቸ የቴክኒክ ዕውቀትም የጋራ መስኖ ነው፤ ውኃውን የሚያዳርሰው ሰው ያስፈልጋል፤ እሱም የሚሰማበት ቦታ ያስፈልገዋል።

«እሱም» ያልኩት አወያዩም የሚፈረድበት ጊዜ ስላለ ነው። የስታክ ኦቨርፍሎው ታሪክ ይህን በግልጽ ያሳያል። ቻትጂፒቲ በኅዳር 2022 መጨረሻ በወጣ በቀናት ውስጥ አወያዮቹ በእሱ የተጻፉ መልሶችን ከለከሉ። ምክንያታቸው በቂ ነበር፤ መልሶቹ አንባቢን የሚያሳምኑ፣ ግን ብዙ ጊዜ ስሕተት ያለባቸው ናቸው። ክልከላውን ሲያስፈጽሙ በርካታ ሰዎች ታገዱ። በግንቦት 2023 መጨረሻ የመድረኩ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ጣልቃ ገባ፤ በማሽን መጻፉን መለያ መንገዶቹ አስተማማኝ አይደሉም፣ ንጹሓን ታግደዋል፣ ከአንዳንድ አገሮች በሚመጡ ተጠቃሚዎች ላይም አድልዎ ሊከተል ይችላል ብሎ በጥርጣሬ ማገድን ከሞላ ጎደል አስቆመ። ስለ ተጠቃሚዎቹ ያነሣው ስጋት ቀላል አልነበረም። እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት የተማረ ሰው ዓረፍተ ነገሩን አስተካክሎ፣ አስውቦ ቢጽፍ የማሽን ሥራ ነው ተብሎ ሊጠረጠር ይችላል፤ «ይህን እንዴት ደረስክበት?» ብሎ የጠየቀው ከሌለ ደግሞ ራሱን የሚያስረዳበት በር የለውም። ነገር ግን ኩባንያው ይህን በደል ያረመው ያንኑ በደል በመድገም ነው። አወያዮቹን ሳያማክር ወሰነ፤ ለእነሱ በዝግ የሰጣቸው መመሪያም ለሕዝብ ከተነገረው ጋር አይገጥምም ብለው ከሰሱት። ሰኔ 5 ቀን 2023 ሥራ አቆሙ፤ ስምምነት የተደረሰው ነሐሴ ከገባ በኋላ ነው።

ሌላው ተቃውሞ የምሥጢር ነው፤ ተበዳዩን ለመጠበቅ ሲባል ክሱ ለተከሳሹም መነገር የለበትም ይባላል። በሰኔ 2019 ዊኪፒዲያን የሚያስተዳድረው ዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን አንድ የእንግሊዝኛ ዊኪፒዲያ አስተዳዳሪን ለአንድ ዓመት ሲያግድ የያዘው ይህን መንገድ ነበር። የታገደው ሰው ማስረጃውን አላየም፤ በተቃውሞ ብዙ አስተዳዳሪዎች ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በመጨረሻ ጉዳዩ በተጠቃሚዎች ለተመረጠው የዳኝነት ኮሚቴ ተላለፈ። ኮሚቴው ከፊሉ የተሸፈነ ሰነድ ተሰጥቶት መረመረ፤ እገዳውን ሻረ፤ የአስተዳዳሪነት ሥልጣኑን ግን አልመለሰለትም፤ ከፈለገ እንደገና ለምርጫ ይቅረብ አለ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር አያለሁ። መደመጥ ነጻ መውጣት ማለት አይደለም፤ ሰውየው ተደምጦም ሥልጣኑን አጥቷል። የከሳሽን ማንነት መሸፈንና ተከሳሹን ስለ ድርጊቱ አለመጠየቅም አንድ አይደሉም፤ ስም ተሸፍኖ እንኳ «እንዲህ ያለ ነገር አድርገሃል ይባላል፤ ምን ትላለህ?» ማለት ይቻላል። አንዳንዴ የድርጊቱ ዝርዝር ራሱ ተበዳዩን እንደሚያጋልጥ አልክድም፤ በዚያን ጊዜ ተከሳሹን ወክሎ የሚያይ፣ ከከሳሹም ከቀጪውም ያልወገነ ሌላ ዓይን ያስፈልጋል።

«መድረኩ የግል ንብረት ነው፤ ያልተመቸው ይሂድ» የሚሉም አሉ። በሕግ ዓይን ከሞላ ጎደል ትክክል ናቸው። በግንቦት 2024 ስታክ ኦቨርፍሎው የመድረኩን ጽሑፎች ለቻትጂፒቲ ሠሪ ለኦፕንኤአይ ለማቅረብ መስማማቱን ሲያስታውቅ አንዳንድ ተጠቃሚዎች ተቆጥተው የገዛ መልሶቻቸውን ሰረዙ ወይም አበላሹ፤ ጽሑፎቹ ተመለሱ፤ ሰዎቹ ለጊዜው ታገዱ። ጽሑፎቹ የተለጠፉት በማይሻር ክፍት ፈቃድ ስለሆነ መመለሳቸው ትክክል ነበር፤ ነገ ያው ችግር የሚገጥመው ፕሮግራመርም ተጠቅሟል። ግን መሄድ የሚባለው ነገር እዚህ ላይ ትርጉሙ ይጎድላል፤ ሰውየው ይሄዳል፣ የዓመታት ሥራው ግን እዚያው ይቀራል። ሥራውን ይዞ መውጣት የማይችልን ሰው እንደ አላፊ እንግዳ ማየት ፍትሕ አይደለም።

አወያዮች ሲከፋቸው ተሰባስበው ሥራ ማቆም ቻሉ፤ ለዊኪፒዲያው አስተዳዳሪም ባልደረቦቹ ጮኹለት። የመጀመሪያ ጥያቄውን በሁለተኛ ቋንቋው ጽፎ «ግልጽ አይደለም» ተብሎ በደቂቃዎች ውስጥ የሚዘጋበት ጀማሪ ግን የሚጮህለት የለውም። ስታክ ኦቨርፍሎው የስፓኒሽ፣ የፖርቱጋልኛ፣ የሩሲያኛና የጃፓንኛ እኅት ገጾች አሉት፤ ኮድ መጻፍ የሚማረው የአዲስ አበባ ወጣት ግን በእንግሊዝኛ መጠየቅ ግዴታው ነው። ጥያቄውን አስተካክሎ እንደገና እንዲታይለት ማድረግ እንደሚችል ገጹ ይነግረዋል፤ ምኑ እንዳልገባ የነገረው ሰው ግን ላይኖር ይችላል። ጥያቄውን መዝጋት በእሱ ላይ መፍረድ አይደለም ይባል ይሆናል፤ ለነባር አባል እውነት ነው፤ በዚያ መድረክ ላይ ከዚያ ጥያቄ ሌላ ምንም ለሌለው ሰው ግን ሁለቱ አንድ ናቸው። ስለዚህ ከመዝጊያው በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር፣ የትኛው መስመር ላይ ስሕተቱ እንደሚታየው የሚጠይቅ፣ ለእሱ ይገባዋል።