መጠየቅና መለመን

ሰው የሚያስፈልገውን ሁሉ ብቻውን አሟልቶ የሚኖር ፍጡር አይደለም። ሕፃን ከእናቱ፣ ተማሪ ከመምህሩ፣ የተቸገረም ከዘመዱ አንድ ነገር ይጠይቃል። በሬ የሞተበት ገበሬ የጐረቤቱን በሬ ተውሶ ቢያርስ ማንም አይነቅፈውም፤ እንዲያውም የዘር ጊዜ ሳያልፍበት በመጠየቁ አስተዋይ ይባላል። ነገር ግን ያችው የተዘረጋች እጅ በሌላ ጊዜ የባለቤቷን አንገት ታስደፋለች። እጅ ያው እጅ፣ መቀበልም ያው መቀበል ሆኖ ሳለ፣ አንዱ የሰውን ክብር ሳይነካ ሲቀር ሌላው የሚያዋርደው ስለ ምንድን ነው? በመጠየቅና በመለመን መካከል ያለው ድንበርስ ወዴት ላይ ነው?

ይህን ጥያቄ የምናነሣው በቤተ ክርስቲያን ደጅ ስለሚቀመጠው ድኃ አይደለም፤ በእርሱ ላይ ለመፍረድ ሥልጣን የለንም። የምናነሣው ስለ ወረዳዎች፣ ስለ ከተማ አስተዳደሮች፣ ስለ ትምህርት ቤቶችና ስለ መንደር ማኅበሮች ነው። እነዚህ ሁሉ ድልድይ ለመሥራት፣ ምንጭ ለማጐልበት፣ የመማሪያ ክፍል ለመጨመር ባሰቡ ጊዜ ገንዘብ ያጥራቸዋል። ስለዚህም የማይመለስ እርዳታ የሚሰጥ መንግሥት ወይም ድርጅት ወዴት እንዳለ ያፈላልጋሉ፤ ማመልከቻ ይጽፋሉ፤ ደጅ ይጠናሉ።

ይህ ፍለጋ ከስንፍና የመጣ ነው የሚል ሰው ቢኖር የወረዳን በጀት ገልጦ ያላየ ሰው መሆን አለበት። በ1987 ዓ. ም. በጸደቀው ሕገ መንግሥት መሠረት የፌዴራሉ መንግሥት ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ የሚከፋፈልበትን ቀመር የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ክልሎችም በበኩላቸው ከ1990ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ወዲህ ለወረዳዎች ጥቅል ድጎማ መስጠት ጀምረዋል። ሆኖም ወረዳው ከሚቀበለው ገንዘብ አብዛኛው ለመምህራን፣ ለጤና ሠራተኞችና ለግብርና ባለሙያዎች ደመወዝ የሚውል ነው። ይህም ተገቢ ነው፤ መምህር የሌለው ትምህርት ቤት ግድግዳና ጣሪያ ብቻ ነውና። ነገር ግን ደመወዝ ከተከፈለ በኋላ ለድልድይ የሚተርፈው እጅግ ጥቂት ይሆናል። እንግዲህ ለሕዝቡ እርዳታ የሚያፈላልግ ሹም ግዴታውን ይፈጽማል እንጂ ከግዴታው አይሸሽም። የሚያከራክረን የአፈላለጉ ነገር ነው።

አስቀድመን በሌላ አገር የሆነውን እንመልከት። አንድሩ ካርኔጊ እ. ኤ. አ. በ1835 በስኮትላንድ ከድኃ ሸማኔ ቤተሰብ ተወልዶ በአሜሪካ በብረት ሥራ እጅግ የበለጸገ ሰው ነበር። ይህ ሰው ሀብቱን ለቤተ መጻሕፍት ማሠሪያ ለመስጠት በቈረጠ ጊዜ የእርዳታ ጥያቄ ከየከተማው ይጐርፍለት ጀመር። በእርሱ ገንዘብ በልዩ ልዩ አገሮች የተሠሩት ቤተ መጻሕፍት 2509 ሲሆኑ፣ ከእነዚህ ውስጥ ከ1600 የሚበልጡት በአሜሪካ የተሠሩ ናቸው። ታዲያ ስጦታው እንዲያው በልመና ብቻ የሚገኝ አልነበረም። ጠያቂው ከተማ የሕንፃውን ቦታ ራሱ ማቅረብ ነበረበት፤ ደግሞም ከስጦታው አንድ አሥረኛ የሚሆን ገንዘብ ከከተማው ግብር በየዓመቱ እያወጣ ለመጽሐፍ፣ ለሠራተኛና ለእድሳት ለመመደብ ውል መግባት ነበረበት። አሥር ሺህ ዶላር የተቀበለ ከተማ በየዓመቱ አንድ ሺህ ዶላር ያወጣል ማለት ነው። ሕንፃው ከሰጪው ቢገኝም በሕንፃው ውስጥ የሚኖረው ሕይወት ግን ከከተማው ሕዝብ ኪስ የሚወጣ ነበር።

ታሪኩ ግን በዚህ አያበቃም። እ. ኤ. አ. በ1892 በሆምስቴድ በሚገኘው የካርኔጊ ኩባንያ ፋብሪካ፣ በደመወዛቸው መቀነስ ምክንያት ሥራ ያቆሙ ሠራተኞችና ኩባንያው የቀጠራቸው ጠባቂዎች ተጋጭተው የሰው ሕይወት ጠፍቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሠራተኞች፣ «ይህ ገንዘብ ከእኛ ደመወዝ የተቀነሰ ነውና በስጦታ ስም ሲመለስ አንቀበለውም» በማለት ተከራከሩ። ከሁለት መቶ በላይ የሚሆኑ የአሜሪካ ከተሞችና ማኅበረሰቦችም አንዳንዶቹ የዓመቱን ወጪ ፈርተው፣ አንዳንዶቹ የሰጪውን ስም ጠልተው፣ ሌሎቹም በልዩ ልዩ ምክንያት ስጦታውን ሳይወስዱ ቀርተዋል። አሳባቸው ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን ለጊዜው እንተወው። እኛ የምናስተውለው እምቢ ለማለት መቻላቸውን ነው። የምንፈልገው ድንበርም ያለው እዚህ ላይ ይመስለናል። የሚለምን ሰው የተሰጠውን ሁሉ ይቀበላል፤ የሚጠይቅ ሰው ግን የሚፈልገውን ስለሚያውቅ፣ የማይፈልገውን ነገር «ይቅርብኝ» ሊል ይችላል።

ይህን ለማለት የሚያስችለውስ ምንድን ነው? በቅድሚያ ከራሱ የሚያኖረው ድርሻ ነው። ለዚህም ከአገራችን ምሳሌ አናጣም። እ. ኤ. አ. በ1994 በአማራ ክልል በፊንላንድ መንግሥት እርዳታ የገጠር ውሃ ሥራ ተጀመረ። ከ2003 ጀምሮ ደግሞ የእርዳታው ገንዘብ በቀጥታ በተጠቃሚው ሕዝብ እጅ እንዲገባ የሚያደርግ አሠራር ወጣ። የመንደሩ ሰዎች የውሃ ኮሚቴያቸውን መርጠው ለወረዳው ያመለክታሉ፤ ወረዳው ጥያቄውን መርምሮ ሲያጸድቅ ገንዘቡ በዚያን ጊዜ የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ይባል በነበረው መሥሪያ ቤት በኩል ይመጣል። ኮሚቴው ገንዘቡን በየደረጃው እያወጣ ሲሚንቶ ይገዛል፤ ግንበኛ ይቀጥራል፤ ሒሳቡንም ለሕዝቡ ያቀርባል። የመንደሩ ሰው ድንጋይና አሸዋ ያቀርባል፤ ይቈፍራል፤ ለወደፊቱ ጥገና የሚሆን ገንዘብም አስቀድሞ ይቈጥባል።

ይህን ያህል ብር በገበሬ እጅ ቢገባ ይጠፋል ብለው የሠጉ ሰዎች እንደ ነበሩ መገመት አያስቸግርም። የሥራውን ውጤት የመረመሩ ባለሙያዎች ግን እንዲህ የተሠሩት ምንጮችና ጕድጓዶች ሳይበላሹ፣ ቢበላሹም እየተጠገኑ በማገልገል ከሌሎቹ የተሻሉ መሆናቸውን መስክረዋል። አሠራሩም ቈይቶ ወደ ሌሎች ክልሎች ተዛምቷል። ምክንያቱ የተሰወረ አይደለም። ሰው ራሱ በገዛው ሲሚንቶ፣ ራሱ በተሸከመው ድንጋይ የተሠራ ምንጭ ሲደፈርስ «ባለቤቱ ይምጣና ይጥረገው» አይልም።

በ1950ዎቹ ዓመታት በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ይኖሩ የነበሩ የጉራጌ ተወላጆች ማኅበር አቋቁመው ገንዘብ እያዋጡ ወደ ትውልድ አገራቸው መንገድ ማሠራታቸውም የሚታወስ ነው። ደቦና ዕድር ለሚያውቅ ሕዝብ ድርሻን ማኖር ከውጭ የመጣ ትምህርት አይደለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እያልን ያደግን ነን።

ነገር ግን ከድርሻ በፊት የሚቀድም ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም እውነት ነው። በዚህ ነገር ላይ የራሳችንን ጥፋት ሳንደብቅ ለመናገር እንወዳለን። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የገጠር ወረዳ ሕዝቡ ተሰብስቦ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው ምን እንደ ሆነ ተጠየቀ። መልሱ አንድ ነበር፤ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት በሚሄዱበት መንገድ ላይ የሚያልፈው ወንዝ ክረምት በመጣ ቍጥር ስለሚሞላ ድልድይ ይሠራልን አሉ። በዚያ ዓመት ግን ወረዳው ሊደርስበት የሚችለው ሰጪ ድርጅት ለሥልጠና እንጂ ለግንባታ ገንዘብ የማይሰጥ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ በማመልከቻው ላይ የሕዝቡ ዋና ችግር የሥልጠና እጥረት ነው ተብሎ ተጻፈ። እኛም የማመልከቻውን ቋንቋ እንድናቃና ተጠይቀን አቃናን፤ ያማረ ጽሑፍም ወጣው።

ገንዘቡ መጣ። ሥልጠናው ተሰጠ፤ አበል ተከፈለ፤ የምስክር ወረቀትም ታደለ። አንድ ሳንቲም እንኳ የሰረቀ ሰው አልነበረም፤ ደረሰኙ ሁሉ ተሟልቶ ተገኘ። በሐምሌ ግን ወንዙ እንደ ልማዱ ሞላ፤ ልጆቹም እንደ ልማዳቸው ከቤት ዋሉ። በኋላ ወደዚያ አገር በሄድን ጊዜ አንድ ሽማግሌ አገኙንና፣ «ልጆቼ፣ እኛ ድልድይ አልን፤ እናንተ ሥልጠና ጻፋችሁ። ከእንግዲህ ምን ትፈልጋላችሁ ብላችሁ ባትሰበስቡን ይሻላል፤ የምንፈልገውን ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁና» አሉን። የምንመልሰው ቃል አልነበረንም።

በዚያ ሥራ የተጐዳው ማን ነው? ሰጪው ድርጅት ያልሆነውን ሆነ ብሎ እንዲያምን ተደረገ። ከእርሱ ይልቅ የተጐዳው ግን ሕዝቡ ነው፤ የተናገረው ቃል ዋጋ እንደሌለው ተምሯልና። ድልድይ ባይሠራ ሌላ ዓመት ሊሠራ ይችላል። በስብሰባ ተጠይቆ እውነቱን መናገር ከንቱ መሆኑን አንድ ጊዜ ያወቀ ሕዝብ ግን ሁለተኛ እውነቱን ለመናገር በቀላሉ አይነሣም። የሰው ወርቅ አያደምቅ የተባለው ተረት ለጌጥ ብቻ የተነገረ አይመስለንም፤ የሰውን ችግር ተውሶ የራስ ነው ማለትም ያው ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ እንዲህ ብሎ ሊከራከረን ይችላል፦ «እምቢ ማለት የሚያምረው የሚበላው ላለው ነው። የቸገረው ሕዝብ ሰጪውን ሊመርጥ አይችልም። ድርሻህን አምጣ የሚለውም ደንብ የሚጐዳው ከሁሉ ይልቅ ድኃውን ነው፤ ትንሽ ያለው ወረዳ ይጨመርለታል፤ ምንም የሌለው ወረዳ ግን ባዶ እጁን ይቀራል።» ይህ ክርክር ብርቱ ነው፤ ከፊሉንም እንቀበለዋለን። ረኃብ ወይም ጐርፍ ለደረሰበት ሰው ድርሻህን ቍጠር ማለት ጭካኔ ነው፤ ያን ጊዜ መስጠት ያለ ውል ይሁን። ካርኔጊ ካወጣው ደንብ የተነሣ የዓመቱን ወጪ መሸከም የማይችሉ ትንንሽ ከተሞች ወደ ኋላ መቅረታቸውም እውነት ነው። ስለዚህ ድርሻ የሚለካው እንደ ሰጪው አሳብ ሳይሆን እንደ አዋጪው አቅም ሊሆን ይገባል። ገንዘብ የሌለው ጉልበት አለው፤ ጉልበት ያነሰውም ቦታውንና የወንዙን ጠባይ ያውቃል፤ የተሠራውንም ይጠብቃል። እውነትን መናገር ግን የአቅም ማነስ የሚከለክለው ድርሻ አይደለም።

ያ የወረዳ ሹምና እኛ፣ «የሕዝባችን ችግር ድልድይ ነው፤ ለድልድይ የማትሰጡ ከሆነ የሚሰጠውን አመልክቱን» ብለን በጻፍን ኖሮ ምናልባት ባዶ እጃችንን እንመለስ ነበር። ይህን አንሸሽግም። ነገር ግን የሽማግሌው ቃል እንደ ከበረ ይኖር ነበር፤ ማመልከቻውም ለሚቀጥለው ዓመት የሚያገለግል እውነተኛ ሰነድ ይሆን ነበር።

ደግሞም የሰጪ እጅ ሁልጊዜ እንደ ተዘረጋ አይኖርም። እ. ኤ. አ. በ1961 የተቋቋመው የአሜሪካ መንግሥት ዓለም አቀፍ የልማት ተራድኦ ድርጅት ከስድሳ ዓመት በላይ በብዙ አገሮች፣ በአገራችንም ጭምር ሲሠራ ቈይቶ፣ በጥር ወር 2017 ዓ. ም. የአሜሪካ የውጭ እርዳታ በአዲሱ ፕሬዚዳንት ትእዛዝ ታገደ፤ ድርጅቱም ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ. ም. ሥራውን አቆመ። ውሳኔው የተሰጠው በሩቅ ከተማ ነው፤ ሥራው የተቋረጠው ግን በብዙ መንደሮች ነው። እንዲህ ባለ ቀን አንድ ሥራ የማን እንደ ነበረ ይታወቃል። ባለቤት ያለው ሥራ ይቀንሳል፣ ይዘገያል፣ ግን አይሞትም። ባለቤት የሌለው ሥራ የሰጪው ስም ከተጻፈበት ሰሌዳ በቀር የሚተወው ነገር የለም።

እንግዲህ እርዳታ አይፈለግ አንልም። ሹማምንት በየትኛውም በር ይቁሙ፤ መምህራንም ለትምህርት ቤታቸው ይጻፉ፤ ነገ በእነርሱ ቦታ የሚቀመጡ ተማሪዎችም የማመልከቻን አጻጻፍና የሒሳብን አያያዝ ከወዲሁ ይማሩ። ነገር ግን ብዕር ከመነሣቱ በፊት በመንደሩ ዛፍ ሥር ሦስት ጥያቄዎች ይጠየቁ። ማንም ባይሰጠን እንኳ ይህን ነገር በትንሹ እንጀምረው ነበርን? ከእኛ በኩል የምናኖረው ምንድን ነው? ሲበላሽስ የሚጠግነው ማን ነው? ለእነዚህ መልስ ያለው ሕዝብ ይጠይቅ፤ ቢሰጠው ያመሰግናል፤ ባይሰጠው ሌላ በር ያንኳኳል፤ የማይፈልገውን ቢሰጡት ደግሞ በትሕትና ይመልሳል። መልስ የሌለው ግን ማመልከቻው ምንም ያህል ቢያምር ገና መለመኑ ነው፤ እኛም ያቃናነው ማመልከቻ እንዲህ ያለ ነበር።