ከምክር ቤት ወደ ችሎት ለምትሻገረው ልጄ

ልጄ፣ ከምክር ቤት ተነሥተህ ዳኛ መሾምህን ሀዋታ ድረስ ሰማን፤ እንኳን ደስ ያለህ። መንገዱን ግን አንተ አልጀመርከውም። እዚሁ ሱዳን ባቢከር አወደላ የሚባሉ ሰው ሄደውበታል።

ባቢከር እ.ኤ.አ. ከ1954 እስከ 1957 የፓርላማው አፈ ጉባኤ ነበሩ። ወደ ፍርድ ቤት ተሻግረው በ1964፣ የጄኔራል አቡድ መንግሥት በሕዝብ አመፅ በወደቀበት ዓመት፣ ዋና ዳኛ ሆኑ። በማግስቱ ዓመት ፓርላማው ኮሚኒስት ፓርቲን አግዶ ተመራጮቹን አባረረ። ፍርድ ቤት በ1966 መጨረሻ እገዳው ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ፈረደ፤ መንግሥት አልቀበልም አለ። ባቢከርም በ1967 ወንበሩን ጥለው ወጡ።

በሕግ አምላክ ሲባል ወራጅ ውሃ ይቆማል ይላሉ አባቶቻችን። እናንተ ኢትዮጵያ ውስጥ ሽንፋ የምትሉት ወንዝ እዚህ ራሃድ ሆኖ በክረምት እንዴት ደፍርሶ እንደሚመጣ ላየ፣ ይህ ትልቅ ቃል ነው። ካርቱም ግን አልቆመም። መልቀቃቸውን አልነቅፍም፤ ፍርዱ የማይፈጸምለት ዳኛ ተቀምጦ ምን ይሠራል?

እኔን የሚያንገበግበኝ የኋላው ነው። በግንቦት 1969 የጦር መኮንኑ ኒሜሪ በመፈንቅለ መንግሥት ሲመጣ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ብቅ ያሉት ያው ባቢከር ናቸው! ሕገ መንግሥት ተጣሰ ብለው የለቀቁ ሰው፣ ሕገ መንግሥቱን ያገደና ፓርቲዎችን ሁሉ የዘጋ መንግሥት መሩ። በአምስት ወሩ ኒሜሪ ቦታውን ለራሱ ወሰደው።

የእኛዋ ብርቱካን ሚደቅሳ በተቃራኒው ከዳኝነት ወደ ፖለቲካ ነው የሄዱት። ዳኛ ሳሉ በሙስና ተከሰው የታሰሩትን የቀድሞውን የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃን በዋስ ለቀቁ፤ ፖሊስ ወዲያው መልሶ ያዛቸው። ወንበሩ ሰውን ምን ያህል ብቻውን እንደሚያስቀር ከዚህ ተረዳ።

አንተን የሚፈትኑህ ግን ጠላቶችህ አይደሉም፤ ያሳደጉህ ናቸው። የበላበትን ወጪት ሰባሪ ይሉሃል። አንተ ግን ከእኛ ሽምግልና ተማር፤ እዚህ የሰሊጥ አጨዳ ሲያልቅ በሂሳብ ሲጣሉ እኛን ሽማግሎችን ይጠሩናል። የቀን ሠራተኛው ያጨደውን ነዶ በካርቶን ቁራጭ ላይ በከሰል ጭሮ ይዞ ይመጣል። ባለ እርሻው ደግሞ ሻይ አዝዞ ይጠብቀናል። ያን ሻይ አልነካውም፤ የሠራተኛው ዓይን ብርጭቆው ላይ ነው። በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች የተባለው እኮ ለሱ ነው። ሻዩን ሳልጠጣ ብፈርድበት አምኖ ይሄዳል፤ ጠጥቼ ብፈርድለት እንኳ ይጠረጥረኛል።

እንግዲህ የፓርቲ መታወቂያህን መልስ። የድሮ ጓዶችህ ጉዳይ ሲመጣ ከችሎቱ ተነሥ። ደውለው «እስቲ ይቺን ነገር እያት» ሲሉህ፣ በመዝገብ ትምጣ በላቸው። መልቀቅ ግድ ከሆነም ልቀቅና የጥብቅና ፈቃድ አውጣ፤ ጦር ሰፈር ደጃፍ ግን እንዳላይህ።