የቡናው ሥር

ጊምቢ አካባቢ አንድ ሽማግሌ ከችግኝ ጣቢያ ያመጡት የቡና ተክል ነበራቸው። በጣቢያው ምንም አልጎደለበትም፤ የዳስ ጥላ፣ በሰዓቱ ውሃ፣ በረድፍ የተደረደሩ መሰሎቹ፣ ለእያንዳንዱም የፕላስቲክ ከረጢት። ከተተከለ በኋላም ብዙ ዓመት አፈራ። ሲያረጅ ቅጠሉ ገረጣ።

ልጃቸው አዘነለት። “አባባ፣ ማሳ ላይ ከሚንገላታ በደንብ እንያዘው” ብሎ ነቀለና በረንዳው ላይ፣ ፍግ በሞላው በርሜል ውስጥ አኖረው። ጧት ማታ ያጠጣዋል። ቡናው ቅጠሉን ጨርሶ አራገፈ።

“ከዚህ በላይ ምን ላድርግለት?”

ሽማግሌው በርሜሉን አጋድመው አፈሩን በእጃቸው አነሱት። ዋናው ሥር ወደ ታች አልወረደም፤ ዞሮ ዞሮ ተጠቅልሎ የዚያችን የድሮ ከረጢት ቅርጽ እንደያዘ ነው። “ስንተክለው ሥሩን አላየንለትም” አሉ። “ፕላስቲኩ ከተጣለ ስንት ዓመቱ! እሱ ግን እስከ ዛሬ እዚያው ውስጥ ነው።”

ልጁ ሊያቃናው እጁን ሲሰድ፣ “ተው፣ ይሰበራል” አሉት። ከነጥምዝማዜው ወስደው ከዋንዛ ጥላ ሥር፣ ከሌሎች ቡናዎች መሐል፣ ሰፊ ጉድጓድ ቆፍረው ተከሉት።

በተቋም ያደገ ሰው እርጅናም እንዲሁ ነው። አስቴር ጋኖ በልጅነታቸው ከባርነት ነፃ ወጥተው ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ፣ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት አደጉ። እዚያ ሳሉ 500 ያህል የኦሮሞ ተረት፣ እንቆቅልሽና ዘፈን ሰበሰቡ። እ.ኤ.አ. በ1904 ከሚሲዮኑ ባልደረባቸው ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር ነቀምቴ ገብተው አስተማሩ፤ በ1964 እዚያው አረፉ። ነቀምቴ ያወቀቻቸው መምህርት አድርጋ ነው፤ ለእሳቸው ሰፊው ጉድጓድ ያ ነው።

በአውስትራሊያ ባለፈው ምዕተ ዓመት ግማሽ ሚሊዮን ያህል ልጆች ከቤተሰብ ውጭ አድገዋል። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2009 ይቅርታ ጠይቋቸዋል። ዛሬ አርጅተው ብዙዎቹ የሚፈሩት መጦሪያ ቤትን ነው፤ ሰልፉን፣ የተቆለፈውን በር፣ በሌላ ሰው ፈቃድ የሚመጣውን ምግብ። በእኛም አገር፣ በአላጌ ሕፃናት አምባ ያደጉት ልጆች ፀጉራቸው እየሸበተ ነው።

በነቀምቴ፣ በደምቢ ዶሎ፣ በነጆ በተቋም ያደጉ አረጋውያንን የምትጦሩ ሆይ፣ ለምሳ ደወል አትደውሉ፤ “ኑ፣ ቡና ደርሷል” በሏቸው። የክፍላቸውን ቁልፍ በእጃቸው ስጧቸው። ትራስ ሥር የተሸሸገ ዳቦ ካገኛችሁም አታንሱባቸው።