ስለ እጅ ስልክ መስኮትና ስለ ሰው ፈቃድ

ሰው ከእንስሳት የሚለይበት አንደኛው ነገር ፈቃዱ ነው። እንስሳ የራበው እንደ ሆነ ወደ ሣሩ፥ የጠማው እንደ ሆነ ወደ ውኃው ይሄዳል እንጂ ልሂድን ወይስ ልቅር ብሎ ከራሱ ጋር አይመክርም። ሰው ግን ሁለት መንገድ በፊቱ ሲታየው ቆም ብሎ ያስባል፤ ካሰበም በኋላ ይመርጣል፤ ስለ መረጠውም ነገር ይጠየቃል። እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፤ ሰው ሳይመርጥ ስለ ተወው ነገርስ ይጠየቃልን? ሌላው ባሰናዳለት መንገድ ዝም ብሎ የሄደ ሰው፥ ያን መንገድ እርሱ መረጠው ሊባል ይገባልን?

ይህ ጥያቄ የሊቃውንት ጥያቄ ይመስላል፤ እኔን ያገኘኝ ግን በትንሽ ነገር፥ በእጄ ስልክ ነው። አንድ ቀን ማታ የዕለቱን ስንክሳር ለማንበብ አሰብሁና ስልኬን አንሥቼ ብራውዘር የሚባለውን የኢንተርኔት መስኮት ከፈትሁ። አድራሻውን ገና ሳልጽፍ ከመጻፊያው በታች የተደረደሩ ወሬዎች ዓይኔን ያዙት። አንዱን ነካሁ፤ እርሱም ወደ ሁለተኛው፥ ሁለተኛውም ወደ ሦስተኛው መራኝ። ቀና ባልሁ ጊዜ አንድ ሰዓት አልፎ ነበር፤ የቤቱ ሰው ሁሉ ተኝቶ ነበር፤ ስንክሳሩም ሳይነበብ ቀረ። በማግሥቱ ራሴን ስመረምር፥ ከወሬዎቹ አንዱን እንኳ ፈልጌ እንዳልተነሣሁ፥ እንዲመጡልኝም ማንንም እንዳልለመንሁ አየሁ። ነገር ግን እንዳይመጡም አልከለከልሁም ነበር። ስልኩን ከገዛሁ ሦስት ዓመት ሲሆነኝ፥ መስኮቱን ሌላ ሰው እንዳሰናዳው ትቼው ኖሬአለሁ።

ነገሩን በምሳሌ ላስረዳ። አንድ ሰው ቤት ተከራየ እንበል። የቤቱ ባለቤት በሩን ወደ ገበያ አዙሮ አሠርቶታል፤ ነጋዴዎችም በደጃፉ ዕቃቸውን ይዘረጋሉ፥ ስለ ሥፍራውም ለባለቤቱ ይከፍላሉ። ተከራዩ ውኃ ሊቀዳ ሲወጣ ጨርቅ ያያል፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊሄድ ሲወጣ ጌጥ ያያል። ከቤቱ በስተኋላ ግን ወደ ምንጩና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚያወጣ ሌላ በር አለ፤ ቁልፉም በተከራዩ እጅ ነው፤ እርሱ ግን አንድ ቀን እንኳ ከፍቶት አያውቅም። ይህ ሰው ገንዘቤ አለቀ፥ ጊዜዬም ባከነ ብሎ ቢያዝን በማን ሊፈርድ ይችላል?

ይህ ተረት ብቻ እንዳይመስል፥ በዓለም ፊት የተገለጠውን ነገር ልጨምር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2024 ዓ.ም. የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት በጎግል ላይ የፈረደውን ፍርድ ብዙ ሰው ሰምቷል። በዚያ ክርክር እንደ ታወቀው፥ ጎግል በ2022 ዓ.ም. ብቻ ለአፕል 20 ቢሊዮን ዶላር ከፍሏል፤ ይኸውም ሳፋሪ በሚባለው የአፕል ብራውዘር ውስጥ አስቀድሞ የተመረጠው የመፈለጊያ መሣሪያ እርሱ እንዲሆን ነው። አንባቢ ሆይ፥ ይህን አስተውል። የአይፎን ባለቤት ሁሉ ሴቲንግ ወደሚባለው ማስተካከያ ገብቶ ሌላ የመፈለጊያ መሣሪያ ለመምረጥ ሥልጣን አለው፤ ሥራውም ከጥቂት ደቂቃ አያልፍም። ታዲያ ይህን ያህል ገንዘብ ስለ ምን ተከፈለ? አብዛኛው ሰው እንደማይነካው ስለ ታወቀ ነው። እኛ ትንሽ ነገር ብለን የተውነው ምርጫ በሌሎች ዘንድ ዋጋ ተቆርጦለታል።

ምናልባት አንድ ሰው እንዲህ ይለኝ ይሆናል፤ «የአድራሻ መጻፊያው ከላይ ቢሆን ከታች፥ ቀለሙ ቢነጣ ቢጠቁር፥ ይህ ለነፍስ ምን ይረባል?» እውነት ነው፥ ሁሉ በአንድ ሚዛን አይመዘንም። ስለዚህ ነገሩን በሦስት ልክፈለው።

አንደኛው ለእጅ የሚመች ነው። ስልኮች እየረዘሙ ስለ ሄዱ አውራ ጣት ከላይ ያለውን መጻፊያ ለመንካት ተቸገረች። ስለዚህ ፋየርፎክስ በ2020 ዓ.ም. ለአንድሮይድ ስልክ ባወጣው አዲስ ሥራ መጻፊያውን ወደ ታች አወረደው፤ ወደ ላይ መመለስ ለሚፈልግም ምርጫውን ተወለት። አፕልም በ2021 ዓ.ም. እንዲሁ አደረገ፤ ሥራው ገና በሙከራ ሳለ ብዙ ሰው ስለ ነቀፈው ግን አሻሽሎ፥ የቀድሞውን ለሚወድ ከላይ እንዲሆን ፈቀደ። ከዚህ የምንማረው፥ የተሰናዳ ነገር ሁሉ የማይለወጥ ሕግ እንዳልሆነና የሚናገር ሰውም የሚሰማበት ጊዜ እንዳለ ነው።

ሁለተኛው ለዓይን የሚመች ነው። ፊደላችን በጥቃቅን ምልክት የሚለይ ነውና፥ ጽሕፈቱ ሲያንስ «ቡ» እና «ቢ» ይመሳሰላሉ፤ የአንዱ ቅጥያ ከወገብ፥ የሌላው ከእግር መሆኑን ያረጀ ዓይን አይለየውም። በብራውዘሩ ማስተካከያ ፊደልን ማጉላት ይቻላል፤ በብዙዎቹም ዘንድ ማስታወቂያውንና ጌጡን አስወግዶ ጽሑፉን ብቻ የሚያሳይ የንባብ ገጽ አለ። ለሽማግሌ አባቱ ይህን አሰናድቶ «አባባ፥ አሁንስ ይታይዎታል?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ፥ ወላጅን ከማክበር ሥራ አንዱን ሠራ እንጂ በከንቱ ነገር አልተጫወተም።

ሦስተኛው ለልብ የሚሆነው ነው፤ የነገሩም ክብደት እዚህ ላይ ነው። መስኮቱ ሲከፈት በመጀመሪያ ምን ይታያል? ሳንጠራቸው የሚመጡ ወሬዎች ይምጡን ወይስ ይቅሩ? ኖቲፊኬሽን የሚባለውን ጥሪ ለየትኛው ድረ ገጽ እንፍቀድ፥ የትኛውንስ እንከልክል? በዚህ የሚቆረጠው የቀለም ነገር ሳይሆን የዕድሜያችን ሰዓት ነው።

ሌላው ደግሞ «ፈቃዱ የጸና ሰው ወሬው በፊቱ ቢደረደርም አይነካውም፤ የውጭ ማሰናዳት የደካማ ሰው ምርኩዝ ነው» ይል ይሆናል። እኔ ግን የአባቶቻችንን ሥራ ስመለከት ሌላ አያለሁ። ደብረ ዳሞን እይ፤ በገመድ ካልሆነ በቀር የማይወጣበት አምባ ነው። በዚያ የኖሩት አባቶች ፈቃዳቸው ደካማ ስለ ነበረ ነውን? አይደለም፤ የሰው ልብ ከቦታው ጋር እንደሚለዋወጥ ስላወቁ ነው። ቤተ ክርስቲያናችንም መቅደሱን በመጋረጃ ትለያለች፥ ጫማን በደጅ ታስወልቃለች፤ ይህ ሁሉ በጸሎት ምትክ ሳይሆን ለጸሎት ረዳት ነው። ጠቢብ ሰው በረጋ ሰዓቱ ያሰበውን መልካም አሳብ በደጃፉ ላይ ያጸናዋል፤ በደከመ ሰዓቱ ደጃፉ ይረዳዋልና። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለውም ስለዚህ ነው።

ሆኖም በዚህ መንገድ ሁለት ጉድጓዶች አሉ። አንደኛው፥ ማሰናዳቱ ራሱ ሥራ ሆኖ መቅረቱ ነው። ዛሬ ቀለሙን፥ ነገ የገጹን ሥዕል፥ ከነገ ወዲያ የአቋራጮቹን ተራ ሲለዋውጥ የሚውል ሰው አለ፤ ይህ ሰው ጽናውን ሲወለውል ቅዳሴው ያለፈበትን ዲያቆን ይመስላል። ሁለተኛው ከዚህ ይብሳል። ሰው የሚወደውን ብቻ አስገብቶ የማይወደውን ሁሉ ቢከለክል፥ የጎረቤቱን ጩኸትና የራሱን ነቀፋ የማይሰማ ይሆናል፤ ያን ጊዜ መስኮቱ መስኮትነቱ ይቀርና የገዛ ፊቱን ብቻ የሚያሳይ መስታወት ይሆናል። ስለዚህ ከመዝጋታችን በፊት እንጠይቅ፤ የምንዘጋው የሚያባክነንን ነውን ወይስ የሚገሥጸንን?

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እመለሳለሁ። ቁልፍ በእጁ እንዳለ የማያውቅ ሰው ስለ በሩ አይጠየቅም፤ ካወቀ በኋላ ግን ዝምታው ምርጫ ይሆናል። በሩን ስለ ዋጋ ወደ ገበያ ያዞረውም ሰው፥ ተከራዩ ቁልፍ ነበረው ብሎ ከፍርድ አያመልጥም፤ ተከራዩ እንደማይከፍተው አውቆ ተጠቅሞበታልና። የአንዱ በደል ሌላውን አያነጻም።

እኔም በዚያው ሳምንት ወሬዎቹን ከመነሻ ገጹ አጠፋሁ፤ በምትካቸውም ሦስት አቋራጮች ብቻ አኖርሁ፤ ሥራው ከዳዊት አንድ መዝሙር የሚደገምበትን ጊዜ እንኳ አልፈጀም። ከዚያ ወዲህ ወደ ወሬ አልሄድሁም ብል እዋሻለሁ፤ አንዳንድ ማታ ዛሬም እሄዳለሁ። ነገር ግን አሁን ስሄድ ስሙን በገዛ እጄ ጽፌ ነው፤ ስለዚህ ንስሐ ስገባ በሌላ አላመካኝም።

እንግዲህ ወንድሜ ሆይ፥ እኅቴም ሆይ፥ ዛሬ ማታ ስልክህን፥ ስልክሽን ስታነሡ፥ ከመክፈታችሁ በፊት ይህን መስኮት ለእኔ ያሰናዳው ማን ነው ብላችሁ ጠይቁ። የቤታችሁ ሽማግሌ ቢኖርም የእርሱን ስልክ አስቀድማችሁ አሰናዱለት። ፈቃድን የሰጠን አምላክ፥ የሰጠንን በማስተዋል እንድንጠቀምበት ይርዳን።