ፊርማው ሳይደርቅ ጠይቂ

ልጄ፣ በጥብቅናሽ ከቤት ሽያጭ ውል ሥራ ወደ ታክስ፣ ከዚያም ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ክርክር ልትገቢ ማሰብሽን ሰማሁ። ደስ ብሎኛል፤ ትንሽም ሰግቻለሁ። እንደምትችይው አልጠራጠርም። የምሰጋው አዲሱን ስትይዢ የቀድሞውን እንዳትረሺው ነው። ሦስቱ ሥራዎች የሚለያዩት ታፔላ ላይ ብቻ ነው። ደንበኛሽ አንድ ቤት ገዝቶ ሦስቱንም ይዞብሽ ይመጣል።

እስቲ አንድ የንግድ ቤት ሽያጭ እንይ። ሻጭና ገዢ በ8 ሚሊዮን ብር ተስማሙ እንበል። ደላላው ጠጋ ይልና "ግብሩ እንዳይከብድ ውሉ ላይ 3 ሚሊዮን ይጻፍ" ይላል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ እንዲህ ካለው ሽያጭ ጥቅም ላይ 15 በመቶ ስለሚጠይቅ፣ ሻጭ ቶሎ እሺ ይላል። ገዢም ዝም ይላል። ይፈረማል። ከዓመት በኋላ ውሉ ይፈርሳል፤ ገዢ "የከፈልኩት 8 ነው" ይላል። ማን ይሰማዋል? በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2005 መሠረት የተፈረመ ጽሑፍ በፈራሚዎቹ መካከል የታመነ ማስረጃ ነው። ደላላውን ምስክር ልጥራ ቢልም አይሆንለትም። ዋጋ አሳንሶ ማሳወቁ ደግሞ ከገቢዎች ጋር ሌላ ጣጣ አለው። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ውል አትጻፊ። ደንበኛው ተቆጥቶ ቢሄድም ይሂድ።

የቤቱን ካርታ አይተሽ ብቻ አትመለሺ። ማኅደሩ ይውጣልሽ፤ እግድ አለበት? የባንክ መያዣ አለበት? ቀሪ የሊዝ ክፍያስ? በጎረቤት ሽማግሌ ፊት የተፈረመ ወረቀት ይዘው የሚመጡ ደጋግ ሰዎች ዛሬም አሉ። የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲደረግ የሚያዘውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723ን በትዕግሥት አስረጂያቸው፤ ወደ ውልና ማስረጃም አብረሻቸው ሂጂ።

ታክስ ላይ የምለምንሽ አንድ ልማድ ነው። የግብር ውሳኔ የደረሰው ነጋዴ ሲመጣ ስለ ገንዘቡ ያወራል። አንቺ መጀመሪያ ቀኑን ጠይቂው። መቼ ደረሰህ? ማን ፈርሞ ተቀበለ? የ2008ቱ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ለቅሬታ የሰጠው 21 ቀን ነው። ነጋዴው ግን "የማውቀው ሰው አለ፣ ያነጋግርልኛል" እያለ ይሰነብታል። ቀኑ ያልፋል፣ ውሳኔው ይጸናል። እውነቱን ይዞ ይከፍላል፤ ይህ ያንገበግበኛል። ቅሬታው ውድቅ ቢሆን እንኳ ወደ ታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ለመሄድ 30 ቀን አለው፤ ግን ከሚከራከርበት ታክስ 50 በመቶውን ማስያዝ አለበት። ይህንን በመጀመሪያው ቀን ንገሪው፤ ገንዘቡን ከወዲሁ ያዘጋጅ። ደረሰኙንም ከሥር ጀምረሽ አቅርቢ። ለቅሬታ አጣሪው ያላሳየሽውን በኋላ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ላሳይ ብትዪ ይቸግርሻል።

ችሎት ላይ ጥሩ አንደበት አለሽ፤ እሱን አውቃለሁ። ንባብሽ ግን እንዳይላላ። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሕግ ትርጉም የሥር ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። ሰበር የወሰነበትን ጉዳይ ሳታነቢ ገብተሽ ዳኛው ከጠቀሰልሽ፣ አንደበትሽ አያድንሽም። በየሳምንቱ አንድ ውሳኔ እስከ መጨረሻው አንብቢ። የተሸናፊውን ክርክር በተለይ አትዝለይው።

ደግሞ "እናሸንፋለን" ብለሽ ቃል አትግቢ። ታክሱ እስኪገባሽ ድረስ መዝገቡን ታክስ ከሚያውቅ ጠበቃ ጋር ያዢው፤ አበሉንም ተካፈሉ። አውቃለሁ፣ መጀመሪያ ላይ ገቢሽ ይቀንሳል። የቢሮ ኪራይ ከከበደሽ አትጨነቂ፤ እኔ ዘንድ በመስኮቱ በኩል አንድ ትርፍ ጠረጴዛ አለ።