የተቆለፈ ቤት ይወሰድ ወይ?



ባለፈው ሳምንት ከዐስር ሶላት በኋላ ካለው ደርስ ስወጣ ሦስት ወጣቶች በር ላይ ጠበቁኝ። አንዱ ባጃጅ ይነዳል፣ አንዱ መምህር ነው፣ ሦስተኛው ሙዝ እያስጫነ ወደ አዲስ አበባ ይልካል። ሴቻ ውስጥ ከአንድ ግቢ ጀርባ በተሠራች አንዲት ክፍል ለሦስት ይኖራሉ። ከእነሱ ፊት ለፊት ባለ ብዙ ክፍል ቤት አለ። በሩ ከተቆለፈ ዓመታት አልፈዋል። ከዘበኛው በቀር የሚገባበት ሰው የለም። ባጃጅ ነጂው እንዲህ አለኝ፦ "ኡስታዝ፣ ይሄን ቤት ማዘጋጃ ቤቱ በግድ ገዝቶ ለቤት አጥ ቢሰጠው በሸሪዓ ምን ችግር አለው? ሰውየው እንደሆነ አይኖርበት፣ አያከራየው። እኛ ደግሞ በየዓመቱ ኪራይ እየተጨመረብን መግቢያ አጣን።"

ጥያቄው ቀልድ አይደለም። ወጣቱ እድሜው ሠላሳ እየተጠጋ ነው፣ ኒካሕ ማሰር ይፈልጋል፣ ሙሽራ የሚያስገባበት ቤት የለውም። ስለዚህ ቆሜ በሁለት ቃል ልመልስለት አልፈለግኩም። "ለጁምዓ እጽፈዋለሁ" ብዬ ተለያየን።

መልስ ከመስጠቴ በፊት ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ ያደግኩት በተወሰደ ቤት ውስጥ ነው።

ሲቀላ የነበረው ቤታችን የቀበሌ ቤት ነበር። ጣሪያው ያፈሳል፣ ግቢው ውስጥ ትልቅ ማንጎ አለ፣ ኪራዩ ከአንድ ኪሎ ሥጋ ዋጋ ያነሰ ነበር። የአራተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ አንድ ቀን ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። እናቴ አስገባቻቸው፣ ቡና አፈላች። ሰውየው ቡናውን ይዘው ማንጎውን ብቻ ያያሉ። በኋላ ነው የገባን። ቤቱን የሠሩት፣ ማንጎውንም የተከሉት እሳቸው ናቸው። ከሩቅ አገር መጥተው የነገዱ፣ አርባ ምንጭ ከጨንቻ ዋና ከተማነቱን ተረክባ ብዙም ሳትቆይ በላባቸው ሁለት ቤት የሠሩ ነጋዴ ነበሩ። አንዱ ቀረላቸው። ሁለተኛው እኛ የምንኖርበት ነው።

እናቴ ደነገጠች። "አባቴ፣ እኛ አላወቅንም። ሐላል ይበሉን" አለቻቸው። ሽማግሌው ስኒውን አስቀምጠው "ለእናንተ ሐላል ነው ልጄ። የወሰደብኝ ግን አልጠየቀኝም" አሉ። ከዚያ ወጥተው ሄዱ። ዳግም አላየኋቸውም።

ወጣቶች፣ ይህ የሆነው በሕግ ነው። ደርግ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ያወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ መያዝ የሚችለው አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ሆነ። ለከተማ ቦታ ካሳ እንደማይከፈል አዋጁ ራሱ ደነገገ። የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። ብዙ ድሃ በዚያ አዋጅ ኪራይ ቀሎለታል፣ ይህን መካድ ግፍ ነው። የእኔ ቤተሰብ ከእነዚህ አንዱ ነው። እናቴ በዚያች ርካሽ ኪራይ ባትኖር ኖሮ እኔን መድረሳም ዩኒቨርሲቲም መላክ ባልቻለች ነበር።

ግን ሌላውንም ተመልከቱ። ቤቱ የማንም ባለመሆኑ የሚጠግነው ጠፋ። ቀበሌው በዚያ ኪራይ ጣሪያ መቀየር አይችልም፣ ተከራዩ የእኔ ባልሆነ ቤት ለምን ገንዘብ አፈሳለሁ ይላል። ሁለተኛ ቤት ሠርቶ ማከራየት ወንጀል በሆነበት ዘመን ደግሞ ለኪራይ የሚሠራ ሰው ከየት ይመጣል? ዛሬ ሦስታችሁ በአንድ ክፍል የምትተኙበት እጥረት ብዙ ምክንያት አለው፣ አንዱ ሥሩ ግን እዚያ ዘመን ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው እንግባ። መጀመሪያ ሁለት የሚደባለቁ ነገሮችን እንለይ፦ ባዶ መሬትና ባዶ ቤት።

ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) በኸሊፋነታቸው ዘመን ቢላል ኢብኑል ሓሪስ አል-ሙዘኒ የሚባሉ ሶሓባ ነበሩ፣ ሙአዚኑ ቢላል አይደሉም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሰፊ የዐቂቅ መሬት ሰጥተዋቸው ነበር። ዑመር ማልማት የቻሉትን ያህል እንዲይዙ፣ የቀረውን እንዲመልሱ ነገሯቸው። ቢላል እምቢ ቢሉም ዑመር ያልለማውን ወስደው ለሙስሊሞች አከፋፈሉ። ሰው ያልያዘውን መሬት አጥሮ ሦስት ዓመት ሳያለማ ያስቀመጠ ሰው መብቱን እንደሚያጣም ከዑመር ተላልፏል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። መሬቱ የተሰጠው እንዲሠራበት ነው፣ ካልሠራበት አደራው ይመለሳል። የእኛም አገር የሊዝ አዋጅ፣ ቁጥር 721/2004፣ ቦታ ወስዶ በውሉ ጊዜ ግንባታ ያልጀመረ ሰው ውሉ እንደሚቋረጥ ይናገራል። ስለዚህ ታጥሮ ሣር ስለበቀለበት ቦታ ብትጠይቁኝ ኖሮ መልሴ አጭር ነበር።

ቤት ግን ሌላ ነው። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 40 ላይ ይለያቸዋል። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ ሰው በጉልበቱና በገንዘቡ የሠራው ግን የራሱ ነው። መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም የግል ንብረት ሊወስድ ይችላል፣ ተመጣጣኝ ካሳ አስቀድሞ ከፍሎ። በቤት ጉዳይ ዑመር ራሳቸው ሁለት ጊዜ ተፈትነዋል።

የመጀመሪያው መካ ላይ፣ በ17ኛው ዓመተ ሂጅራ ነው። ሐረሙ ጠበበ። ዑመር በዙሪያው ያሉትን ቤቶች ገዝተው አፈረሱ። አንዳንዶች አንሸጥም አሉ። ዑመር የእነዚህንም ቤት አፈረሱ፣ ዋጋውን ግን ባለቤቶቹ እስኪወስዱት ድረስ በካዕባ ግምጃ ቤት አስቀመጡላቸው። ክርክራቸው ካዕባው ቀድሞ ነበረ፣ ወደ ግቢው ተጠግታችሁ የሠራችሁት እናንተ ናችሁ የሚል ነበር።

ሁለተኛው መዲና ላይ ነው። የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ጠበበ። የዐባስ (ረ.ዐ) ቤት ከጎኑ ነው። ዑመር ሦስት ምርጫ አቀረቡ፦ በፈለግከው ዋጋ ሽጥ፣ ወይም መዲና ውስጥ በመረጥከው ቦታ ቤት ልሥራልህ፣ ወይም ለሙስሊሞች ሶደቃ አድርገው። ዐባስ ሦስቱንም እምቢ አሉ። ልብ በሉ፣ የሚጠየቀው ለመስጂድ ነው፣ ጠያቂው አሚረል ሙእሚኒን ነው፣ ዋጋው ክፍት ነው። ግን ዑመር ወታደር አልላኩም። ኡበይ ኢብኑ ከዕብ እንዲዳኙ ተስማምተው ሁለቱም ቤታቸው ሄዱ። ኡበይም ነቢዩላህ ዳዉድ የአላህን ቤት ሊሠሩ ሲሉ የአንድ ሰው ቤት በመሀል እንደገባ፣ ያለ ፈቃዱ ሊወስዱት ቢያስቡ አላህ ቤቱ በግፍ በተወሰደ ነገር እንዳይሠራ እንደከለከላቸው ነገሯቸው። ለዐባስ ፈረዱ፣ በኸሊፋው ላይ። ዑመርም ተቀበሉ።

ያኔ ዐባስ ምን አሉ? አሁን ለሙስሊሞች ሶደቃ አድርጌዋለሁ አሉ።

ይህን ታሪክ በመድረሳ ስማር የዐባስ ልግስና ነበር የሚገርመኝ። አሁን የሚገርመኝ ቅደም ተከተሉ ነው። ዐባስ የሰጡት እምቢታቸው ከተከበረ በኋላ ነው። እምቢ ማለት የማይችል ሰው መስጠትም አይችልም። የተቀማ ሰው ሶደቃ የለውም፣ አጅሩም አብሮ ተቀምቷል። ያ ሽማግሌ "የወሰደብኝ አልጠየቀኝም" ሲሉ የነገሩን ይህንኑ ይመስለኛል። ማን ያውቃል፣ ቢጠየቁ ይሰጡ ነበር ይሆናል። ለእናቴ ሐላል ለማለት እኮ አንድ ስኒ ቡና እንኳ ጨርሰው አልጠጡም።

"እንግዲያውስ የመካው ፍርድ ምን ሊሆን ነው?" ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ስለዚህ በግዴታ መግዛት ጭራሽ ሐራም ነው ማለት አልችልም። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ ጂዳ ላይ በ1408 ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ1988፣ በ4ኛ ጉባኤው ይህንኑ መርምሮ በአራት መስፈርት ፈቅዷል። ካሳው ባለሙያ የገመተው፣ ከተመሳሳይ ንብረት ዋጋ የማያንስና ሳይዘገይ የሚከፈል ይሁን። ወሳጁ ሥልጣን ያለው አካል ይሁን። ዓላማው እንደ መንገድ፣ ድልድይና መስጂድ ያለ የሕዝብ ግድ የሆነ ጥቅም ይሁን። የተወሰደው ንብረት ወደ ንግድ እንዳይዞር። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ነገሩ ግፍ፣ ቅሚያ ይሆናል። የታሰበለት የሕዝብ ጥቅም ከቀረ ደግሞ መልሶ ለመውሰድ ቅድሚያ ያላቸው የመጀመሪያው ባለቤት ወይም ወራሾቹ ናቸው።

እኔ ከዑመር ታሪክ አምስተኛ እጨምራለሁ፦ በገዢው ላይ መፍረድ የሚችል ዳኛ። ኡበይ ከሌሉ ሌሎቹ አራቱ ወረቀት ላይ ይቀራሉ። ካሳውን የሚገምተው፣ ጥቅሙን የሚወስነውና አቤቱታውን የሚሰማው አንድ ቢሮ ከሆነ፣ የሚፈርድለት ዐባስ አይኖርም።

በዚህ ሚዛን የሴቻውን ቤት እንየው። ባዶ መሆኑ ብቻውን ከባለቤቱ እጅ አያወጣውም። ባዶ ቤት ሁሉ የተተወ ቤት አይደለምና። ሽሮ ሜዳ ሸማ የሚሠራውን የዶርዜ ሰው አስቡ። ደጋ ላይ ያለው ቤቱ ወራት ተዘግቶ ይከርማል። መስቀል ሲደርስ ግን ጭስ ይወጣበታል። ያ ቤት ባዶ ነው ብሎ የሚደፍር ማን ነው? አንዳንዱ ቤት ወራሾች ፍርድ ቤት ስለቆሙ ይዘጋል። አንዳንዱ ዐረብ አገር የሰው ቤት የምታጸዳ እህታችን ለመመለሻዋ ያቆመችው ነው። "ለምን ተዘጋ?" ብለን ሳንጠይቅ "ይወሰድ" ማለት አላዋቂነት ነው።

በመሀል ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። እንግሊዝ ውስጥ ምክር ቤቶች ባዶ ቤት በግዴታ መግዛት ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የቤቶች ሕግ ግን ቀለል ያለ አማራጭ ጨምሯል። ነጻ ዳኞች ከፈቀዱ ምክር ቤቱ ለረጅም ጊዜ የተዘጋን ቤት ለጊዜው ተረክቦ ያከራያል፣ ወጪውን ቀንሶ የተረፈውን ለባለቤቱ ይሰጣል፣ ባለቤትነቱ አይነካም። እዚያም ክርክር አልጠፋም፣ የሰው ቤት ነውና። ግን ከመንጠቅና ዝም ብሎ ከማየት መካከል ቦታ እንዳለ ያሳያል። ከተማችን አንድ ቀን እንዲህ ያለ ሥርዓት ብታስብ፣ ዳኛው ካለና ሒሳቡ ንጹሕ ከሆነ፣ እኔ አልቃወምም።

አሁን ባለቤቱን ልናገር። ወንድሜ፣ ሕጉ በርህን አይከፍትብህም ማለት አላህ አይጠይቅህም ማለት አይደለም። ሱረቱ-ን-ኒሳእ አንቀጽ 29 ላይ ሌላው ያለ ፈቃድህ ንብረትህን እንዳይበላ የከለከለው ጌታ፣ ሱረቱል ሐሽር አንቀጽ 7 ላይ ሀብት በሀብታሞች መካከል ብቻ እየተዟዟረ እንዳይቀር አስቧል። ሁለቱም አንቀጾች የእሱ ናቸው። ዋጋው ይወደድልኝ ብለህ፣ ሦስት ወጣት ከግድግዳህ ማዶ ተደራርቦ እያደረ ዘበኛ ለምታስጠብቀው ሳሎን ምን ትመልሳለህ? አከራየው፣ በመጠኑ። ዘመድ አኑርበት። ካልቻልክ ሽጠው። ዐባስን እምቢ በማለታቸው ብቻ አትከተላቸው፣ ታሪኩ እዚያ አላለቀም።

ለእናንተ ለሦስታችሁ ደግሞ፦ ችግራችሁ እውነት ነው፣ ችግር ግን የሌላውን ሐቅ አይሽርም። የምትጠይቁት ቤት ከሆነ ጥያቄያችሁን ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ውሰዱት፣ ለማኅበር ቤት ቦታ ጠይቁ፣ ታጥሮ ስለተቀመጠው መሬት ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። የዘበኛውን በር ደግሞ አንኳኩ። የባለቤቱን ስልክ ጠይቁና ደውሉለት። "ጋሼ፣ ቤትዎን ጠግነን፣ ኪራይ እየከፈልን ልንኖርበት እንችላለን ወይ?" በሉት። እምቢ ሊል ይችላል። እምቢ ቢልም ተጠይቋል።

እኔም የራሴን ዕዳ አልረሳሁም። ያ ቤት ዛሬ ፈርሷል፣ ማንጎውም የለም። የሽማግሌውን ወራሾች እስካሁን አላገኘሁም፣ ፍለጋውን ግን አልተውኩም። በየጁምዓው ዱዓ ሳደርግ እሳቸውን አስባለሁ።

አላህ ቤት ለሌለው ቤት ይስጠው፣ ቤት ላለው ሰፊ ልብ ይስጠው፣ የሰው ሐቅ ተሸክመን ከመቃብር እንዳንገባ ይጠብቀን። አሚን። ጁምዓ ሙባረክ።